የታጠበው ትራስ

በዚያ ዘመን ትራስ ሁሉ የተኛበትን ሰው እስትንፋስና ድምፅ ይይዝ ነበር። ሰው በተኛበት ድንገት ከሞተ፣ መርማሪ መጥቶ ትራሱን ሳያዳምጥ ቀብር የለም።

አልጣሽ ይህን ታውቃለች። ነገር ግን ጠዋት ልጇን ውባለምን በግንባሯ ተደፍታ፣ ቀዝቅዛ ስታገኛት፣ መጀመሪያ የታያት ትራሱ ላይ የደረቀው አረፋ ነው። "ለቀስተኛው ይህን አይቶ 'ለካ የሚጥላት ናት' ይበል?" ብላ፣ ጎረቤት ሳይሰማ በሳሙና አሽታ አጠበችው። ዕድሜ ልኳን የደበቀችላትን ገመና በሞቷም ሸሸገችላት።

መርማሪው ጓሮ ገመድ ላይ የተሰጣውን ትራስ ዳሰሰና አንገቱን ደፋ።

"እማማ፣ ምነው አጠቡት? አሁን 'ምክንያቱ አልታወቀም' ብዬ ከመመዝገብ በቀር ምን አደርጋለሁ?"

"በሞቴ፣ ሌሊት ጠርታኝ እንደሆነስ? ትራሱ እሱንም አይነግረኝም?"

"እሱም አብሮ ታጥቧል፣ እማማ።"

መርማሪው ሲወጣ ለቅሶው ተጀመረ። አልጣሽ ግን ወደ ድንኳኑ አልሄደችም። ጓሮ ቀርታ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ትራስ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። ትራሱ ዝም ብሎ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።