ፍሙን ያመጣችው

ክብሪቱ በእርጥበት አልጫር ሲላቸው፣ አያቷ የስድስት ዓመቷን ልጅ ፍም እንድታመጣ ወደ ጎረቤት ላኳት። እናትየዋ ገበያ ወርዳለች፤ አሁን የታጠበው ጨቅላ ወንድሟ በአያቱ እቅፍ ውስጥ በብርድ ይንቀጠቀጣል። የለቀምት ሐምሌ ዝናቡን ሲለቀው ግን አያቷ ደጃፉ ላይ ቆመው፣ "ምነው ባልላክኋት! ብትወድቅስ? ብትቃጠልስ?" እያሉ ይብከነከኑ ጀመር።

ልጅቷ በጭቃው መሀል አጎንብሳ ብቅ አለች። ሲልኳት ያለበሷት የሣር ገሳ ከራሷ ላይ የለም፤ ውኃው ከፀጉሯ እስከ እግሯ ይወርዳል።

"ኢንታላ ኮ! ልጄ! ገሳሽን ምን አደረግሽው? አንቺ ደግሞ ልትታመሚብኝ ነው?"

ልጅቷ ገባች፤ በሁለት እጇ የያዘችውን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ገሳውን ከላዩ አነሳች። ከሥሩ የእንስራ ገል፣ ገሉ ላይ በአመድ የተዳፈነ ቀይ ፍም ነበር።

"እኔ እደርቃለሁ፣ አኮ" አለቻቸው አያቷን፣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ። "እሱ ግን ከረጠበ አበቃ።"

ከአጥር ማዶ ጎረቤቷ፣ "ልጅቷ ደረሰች ወይ?" ብለው ተጣሩ።

አያቷ ልጅቷን ሕፃኑን ካቀፉበት ጋቢ ሥር አስገቧትና፣ መንደሩ ሁሉ እንዲሰማ ከዝናቡ በላይ ጮኹ፦

"ደርሳለች! እሳቱንም ይዛ ነው የደረሰችው!"