ከታች የመጣ ምክር

ማድላይና በተራራው አናት፣ ከበረዶ ሸርተቴ ውድድሩ መነሻ አጠገብ ቆማ ከሸለቆው የሚወጣውን ድምፅ ታዳምጣለች። የቡድን ጓደኛዋ የኡርሲና መንደር ሰዎች የላሞቻቸውን ትልልቅ ቃጭሎች በሁለት እጃቸው እያናወጡ ነው። ዘንድሮ ደግሞ ቃጭሎቹን፣ በመከር ከብቶቹ ከተራራው ግጦሽ ሲወርዱ እንደሚያደርጉት፣ በአበባ ሸልመዋቸዋል።

«ሠርግ ነው እንዴ?» አለች።

«ለኡርሲና ሲሆን አገሩ ሁሉ ሠርገኛ ነው» አለ አሰልጣኙ ዱሪ፣ ሳያያት።

አልተሳሳተም። ከቺዝ ማሸጊያው አንሥቶ እስከ ባቡር ጣቢያው ግድግዳ የኡርሲና ፊት ያልታተመበት ቦታ የለም። ማድላይናን የሚያውቃት ግን የገዛ መንደሯ ብቻ ነው። ለኦሎምፒክ በቡድኑ የቀረው ቦታ አንድ ነው፤ ከሁለቱ ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውስጥ የገባችው ትወስደዋለች፤ ሁለቱም ከገቡ፣ የቀደመችው።

ኡርሲና ቀድማ ነበር የወረደችው። ከመነሣቷ በፊት የመነሻውን ሠራተኞች እጅ አንድ በአንድ ጨበጠች። «ለካሜራ ነው» አለች ማድላይና በሆዷ። አሁን ታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች ሁሉ ወርደው ሲያበቁ፣ ኡርሲና አምስተኛ ናት።

ቀድማ የወረደች፣ የበረዶውን ጠባይ ከላይ ላለችው በራዲዮ መንገር የቡድኑ ልማድ ነው።

«ማዲ፣ ትሰሚኛለሽ?» የኡርሲና ድምፅ ነበር። «ከጫካው በኋላ ያለው ጉብታ ጠዋት እንዳየነው አይደለም። ፍሬን እንዳትይዢ። ቀኙን ጠብቀሽ ልቀቂው። ያስፈራል፣ ግን ይሸከምሻል።»

ማድላይና ራዲዮውን ለዱሪ መለሰችለት። ባለፈው ክረምት ይኸው ድምፅ «በረዶው ይይዛል፣ አትፍሪ» ብሏት፣ ጥላ ያጠላበት መታጠፊያ ላይ ተንሸራታ ከመንገዱ ዳር ከተዘረጋው መከላከያ መረብ ተላተመች፤ የጉልበቷም ጅማት ተበጠሰ። ኡርሲና ቸኮሌት ይዛ ልትጠይቃት ስትመጣ ጋዜጠኞች ተከትለዋት ነበር።

«ምን አለችሽ?» አለ ዱሪ።

«እንድሞትላት።»

«ተይ እንጂ! እንዳለችሽ አድርጊ።»

«አንተም የእሷ ቃጭል ነህ።»

ተወርውራ ወረደች። ጫካውን እስክታልፍ አንድም ስሕተት አልነበራትም፤ በመንገዱ ዳር ያሉት ሰዎች ጩኸት እየበረታ መሄዱ ይህንኑ ነገራት። ጉብታው ከፊቷ ተነሣ። የቀኙ መስመር ወደ ባዶ አየር፣ ወደ መረቡ የሚያስገባ መሰለ።

«አሁንስ አታገኚኝም» አለች፤ መንሸራተቻዎቿንም አግድም አዞረች። በረዶው ተፋጨ። ፍጥነቷ ተሰበረ። በሁለት እግሯ ቆማ ግን ከታች ደረሰች።

ሰሌዳውን አየች። ስምንተኛ። ከሰባተኛዋ የለያት የዓይን ጥቅሻ ያህል ነበር።

ቃጭሎቹ ጸጥ አሉ። ኡርሲና አጥሩን ዘልላ መጣች፤ ፊቷ ደም የለውም። «ለምን ያዝሽው? ለምን?»

«ምን አስከፋሽ?» አለች ማድላይና። «ይኸው፣ ቦታው ያንቺ ሆነ።»

«እኔ እኮ ዛሬ የመጨረሻ ውድድሬ ነበር፤ ‹ማዲ ሰባት ውስጥ ከገባች፣ እኔ ብቀድማትም ቦታው ለእሷ ይሁን› ብዬ ትናንት ለዱሪ ነግሬዋለሁ።»