ሬሳው ተነፈሰ

«ካት! ጋሼ፣ አሁንም ተነፈሱ እኮ!» አለ ዳይሬክተሩ ቀረጻውን አስቁሞ።

ሽማግሌው ተዋናይ አልጋው ላይ እንደተጋደመ ዓይኑን ገለጠ። «ይቅርታ ልጄ፣ ደረቴ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

ዋሸ። ከሰውነቱ ሁሉ እንደ ደረቱ የሚታዘዝለት አልነበረም። በዚያ ደረት ስንቱን ሲያስለቅስ፣ ስንቱን በሳቅ ሲያፈርስ ኖሯል። የከዳው ጭንቅላቱ ነው። ባለፈው ፊልም አንዲት አጭር ንግግር አልያዝ ብላው ቀኑን ሙሉ ስታንከራትተው ዋለች። ከዚያ ወዲህ ዳይሬክተሩ ለመሰናበቻ ይሁንዎ ብሎ የሰጠው ይህን ነው፦ አንድም ቃል የሌለው፣ ሞቶ የሚተኛ አባወራ።

ይህ ትዕይንት ካለቀ ሌላ የለም። ተነሥቶ ሬሳ ያስመሰለውን ዱቄት ከፊቱ አስጠርጎ ቤቱ ይገባል። ቤት ደግሞ ማንም የለም። ስለዚህ ይተነፍሳል።

«ጋሼ፣ የመጀመሪያው ቀረጻ ይሻል ነበር» አለ ዳይሬክተሩ አጎንብሶ። «እሱን ብንወስደው ምን ይመስልዎታል?»

«የለም! እሱ አይሆንም! ደግመን እንሞክር፣ በሞቴ!»

የመብራት ሠራተኞቹ ሬሳ በሞቱ ሲለምን ሰምተው ሳቁ። እሱ አልሳቀም። የገዛ ድምፁ የለማኝ ድምፅ ሆኖበት ደነገጠ።

ከአልጋው ሥር የተንበረከከችው አሮጊት ተዋናይ ግን አትኩራ ታየዋለች። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በፊልም ስታገባው፣ ስትፈታው፣ ስትቀብረው የኖረች ሴት ናት። ካሜራው በቆመ ቁጥር ሜካፕ ሠሪዋ ብብቷን ይዛ ታነሣታለች፤ ጉልበቷ ታማሚ ነው።

«እኔን እንኳ አታታልለኝም» አለችው ወደ ጆሮው ተጠግታ። «ሆን ብለህ ነው።»

ሊክድ አሰበና ተወው። «ከዚህ ስነሣ ምን እሆናለሁ?» አላት። «እስቲ ንገሪኝ። ሌላ ምን አውቃለሁ እኔ?»

«እኔስ? ያላንተ ማን ለፊልም የሚጠራኝ ይመስልሃል?»

ይህን አስቦት አያውቅም ነበር። ፊቷን አየ። እንባዋ የዓይኗን ኩል ይዞ እስከ አገጯ ወርዷል።

«አንተ ሰው፣ እንባዬንም ጉልበቴንም ጨረስከው» አለችው። «በል አሁን በደንብ ሙትልኝ።»

መብራቱ ተስተካከለ። ጸጥታ ተባለ። እሱ ዓይኑን ጨፈነና ሞተ።

ጩኸቷ ከሆዷ ወጣ። ደረቱ ላይ ስትወድቅ ትኩስ እንባ አንገቱ ሥር ገባ። ሳንባው አየር፣ አየር እያለ ጎድኑን ይደበድበዋል፤ እሱ ግን ጥርሱን እንኳ አልነከሰም፤ ሬሳ ጥርሱን አይነክስም። አንዲት ቅንጣት ትንፋሽ ብትወጣ ሌላ ዕድል ያገኛል። አላወጣትም።

«ካት!»

ለአፍታ ማንም አልተነፈሰም። ከዚያ ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። አንዱ እያፏጨ፣ ሌላው «ጋሼ! ጋሼ!» እያለ ቆይቶ፣ ጭብጨባው ቀስ በቀስ አለቀ። እሱ ግን አልተነሣም። እሷም ከደረቱ ላይ አልተነሣችም፤ ካሜራው ቆሞ ለቅሶዋ አልቆመም።

የመዶሻ ድምፅ ሰምቶ ዓይኑን ገለጠ። ሁለት አናጺዎች ለፊልሙ ተብሎ የቆመውን የመኝታ ቤት ግድግዳ ከነመስኮቱ፣ ከነመጋረጃው ነቅለው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ «ቀስ፣ በሩን እንዳይነካው» እየተባባሉ ይዘውት ወጡ።