በወተት ያደገው ዱባ

የማንኩሳው ገበሬ ታከለ በዚያ ክረምት ሐሳቡ ሁሉ ዱባ ሆነ። ምክንያት ነበረው። በጥቅምት ወር ፍኖተ ሰላም ላይ በሚካሄደው የግብርና ትርኢት ትልቁን ዱባ ያቀረበ ሰው የውሃ መሳቢያ ሞተር እንደሚሸለም ተነግሯል። የታከለ ማሳ ወንዝ ዳር ነው፤ ወንዙ ግን ከማሳው በታች ስለሚፈስ በበጋ ውሃውን ያየዋል እንጂ አያገኘውም። ሽንኩርቱ በየዓመቱ ወንዝ እያየ ይደርቃል።

በአሮጌው የከብት በረት ላይ ከበቀሉት ዱባዎች አንዱን መረጠ፤ ከሐረጉ ላይ ሌሎቹን ፍሬዎች ቀንጥሶ ጣለ። ከዚያም ቡሬ የሚኖር የአጎቱ ልጅ የነገረውን ዘዴ ጀመረ። ከሐረጉ አጠገብ አንድ ማሰሮ እስከ አንገቱ ቀበረ። የጥጥ ፈትል ወስዶ አንዱን ጫፍ በማሰሮው ውስጥ ነከረ፣ ሐረጉን በቢላ ሰንጠቅ አድርጎ ሌላውን አስገባበት። ማሰሮው በወተት ሲሞላ ዱባው እየጠባ ያድጋል ተብሏል።

የቀረው ወተቱ ነው። ቤቱ ያለችው አንዲት ላም ናት፤ የጧቱ ወተት የጥጃዋ፣ የማታው የቤቱ ነው። ደግነቱ ፍልሰታ ገባ።

«ጾም ነው፤ ማንም አይጠጣውም። የማታውን ለዱባው ስጪኝ» አላት ሚስቱን አቻምየለሽን።

«ሰው ሲጾም ወተት ይጠራቀማል፤ ሲጠራቀም ይናጣል። ይኼን እናትህ አልነገረችህም?»

«ሞተሩ ይምጣ እንጂ በቅቤ ትታጠቢያለሽ።»

አቻምየለሽ በክርክር ተረታ የማታውቅ ሴት ናት። በዚያ ምሽት ግን የታለበውን ወተት ራሷ አምጥታ አቀበለችው።

ታከለ በየማታው ማሰሮውን ይሞላል፤ በየጧቱ ባዶውን ያገኘዋል። መጀመሪያ ድመቷን ጠረጠረ። በማሰሮው አፍ ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከደነበት። በማግስቱ ድንጋዩ በቦታው ነው፤ ማሰሮው ባዶ ነው።

«ድመት ጠጥታ ድንጋይ አትከድንም!» እያለ ከቅዳሴ መልስ ለአገሩ ሁሉ አወራ። «እየጠባ ነው!»

እሱም ለሽልማቱ ዱባ የሚያሳድገው ጎረቤቱ መንበሩ ጢሙን እያሻሸ አዳመጠው። «እኔስ የሚጠባው አንተ ነህ ብዬ ነው የምጠረጥር» አለው።

ይህ ሐሜት ነበር። ታከለ እንኳን ወተት ውሃም ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይውላል። ዱባው ግን በጾም ወራት እንዲህ መወፈር ነውር ነው እስኪባል ድረስ ወፈረ።

ጾሙ በተፈታ ሳምንት ላሟ ነጠፈች። የእንቁጣጣሹ ዶሮ በዘይት ተሠራ። ታከለ በሞተሩ ተስፋ ሳያጉረመርም በላ።

ጥቅምት ደረሰ። በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ ለዱባው የመስኮት ዳር ወንበር ሰጠው፤ አቻምየለሽ ጎንበስ ብላ ቆማ ሄደች። ፍኖተ ሰላም ላይ በእህል ነጋዴ ሚዛን ሲመዘን የመንበሩ ዱባ ከጎኑ ሎሚ መሰለ።

ትርኢቱ የዋለው ረቡዕ ነበር። በደንቡ መሠረት አሸናፊው ዱባ እዚያው ወጥ ተሠርቶ እንግዶች ይበሉታል፤ ሽልማቱ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ድስቱ ተጥዷል።

መንበሩ እጁን አወጣ። «ይህ ዱባ ፍልሰታን ሙሉ ወተት ሲጠባ የከረመ ነው። ፍስክ ነው!»

ሕዝቡ ሁሉ ለቡራኬ ተጋብዘው ከፊት ወደተቀመጡት አባ ገብረ ሕይወት ዞረ። የታከለ የንስሐ አባት ናቸው።

«እውነት ነው ልጄ?»

«አባቴ፣ ፍየል ዕድሜዋን ሙሉ ቅጠል ብትበላ ሥጋዋ የጾም ይሆናል? ዱባም ወተት ቢጠጣ ያው ዱባ ነው።»

አባ ገብረ ሕይወት ዓይናቸውን ጨፍነው አሰቡ። «ክርክርህ ያማረ ነው» አሉ። «እኔ ግን አልቀምሰውም።»

እንግዶቹ ሳህናቸውን አስቀመጡ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጉሮሮውን ጠርጎ ሰው የማይበላው ዱባ እንደማይሸለም አስታወቀ። ሁለት ጎረምሶች ሞተሩን ከታከለ ፊት አንሥተው ወደ መንበሩ ሎሚ መራመድ ጀመሩ።

አቻምየለሽ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። «እኔ ነኝ የጠጣሁት በል።»

«ምን?»

«ወይ ስምህን ወይ ሞተርህን። ፈጠን በል፣ እየሄደ ነው!»

በዚያ አገር የሰባት ዓመት ሕፃን እንኳ ፍልሰታን ይጾማል። ታከለ የደረቀ ሽንኩርቱን አሰበና ተነሣ።

«ዱባው ንጹሕ ነው» አለ። «ወተቱን የጠጣሁት እኔ ነኝ።»

«በፍልሰታ?» አሉ አባ ገብረ ሕይወት።

«በፍልሰታ።»

«ሁሉንም?»

«ፈትሉን ሳይቀር መጥጬዋለሁ፣ አባቴ።»

አቻምየለሽ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። አጠገቧ የነበሩ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡላት።

ዱባው ተባርኮ ተበላ፤ አባ ገብረ ሕይወትም ሁለት ጊዜ አስጨመሩ። ታከለ አንድ ሞተር፣ የአርባ ቀን ስግደትና እስከ ፈረስ ቤት ገበያ ቀድሞት የደረሰ አዲስ ስም ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ስሙም «ጥጃው» ነው።

በማግስቱ ሐሙስ ለምሳ አቻምየለሽ ከትርኢቱ ቆርጣ ካስቀረችው ዱባ ወጥ ሠርታ አቀረበችለት። ታከለ አንድ ጊዜ ጎረሰ፤ ማኘኩን አቆመ። ኮሰረት የሚሸት በሳል ቅቤ በወጡ ላይ ተንሳፍፏል።

«ይህ ቅቤ ከየት መጣ?»

«ዱባህ ፍልሰታን ጾሞ ያተረፈው ነው» አለችው።