ቅድሚያ ለሚወርደው

«ለሚወርደው» የሚለውን ላከብብ እስክሪብቶዬን አስጠጋሁና ተውሁት።

ጥያቄው አጭር ነው። ጠባብ ዳገት ላይ አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ቢገናኙ ቅድሚያ የማን ነው? ክንዴ «የሚወርደው» ብሎ ነው ያስጠናኝ። «የሚወርድን ማን ያቆመዋል?» ብሎም ስቋል። አሁን የቆረቆረኝ ሳቁ ነው።

አባቴ ዳንግላ ከተማ ጋሪ ነጂ ነበር። ልጅ ሆኜ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ አብሬው እዞራለሁ። የጫነ ፈረስ ዳገት መሀል ከቆመ በቃ፣ ጋሪው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። የሚወርደው ሁሉ ዳር ይዞ ይጠብቀን ነበር። ያልጠበቀውን አባቴ ከነዘሩ ይሰድበዋል።

ታዲያ ክንዴ ለምን እንዲህ አለኝ?

የባሌ ወንድም ነው። ባሌ ለሥራ በረሃ ከወረደ ወዲህ ባጃጃችንን የሚነዳው እሱ ነው፤ ልጆቼን ትምህርት ቤት የሚያደርሳቸውም እሱ። ይችን የመንጃ ፈቃድ ፈተና ካለፍሁ የሚቀረኝ የተግባሩ ብቻ ነው። ከዚያ መሪውን እኔ እይዛለሁ፣ እሱ ይወርዳል። ይሄን እያወቀ «እኔ አስጠናሻለሁ» ያለው ራሱ ነው። ማንም ሳይጠይቀው። የገዛ ወንበሩን ለመልቀቅ እንዲህ የሚተጋ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ሰዓት እያለቀ ነው» አለ ፈታኙ።

ዳገቱን ለሚወጣው ሰጠሁት። ከዚያ ወደ ኋላ፣ ወደ መለስኋቸው ጥያቄዎች ተመለስሁ። አደባባይ ላይ ቅድሚያ ለማን ነው? ክንዴ «ቀድሞ ውስጥ ለገባው» ብሎኛል። አሃ። ሰረዝሁና ሌላውን አከበብሁ። ሌላም ልሰርዝ ስል ፈታኙ ወረቀቱን ከእጄ ሳበው።

እዚያው እንደቆምሁ አረመልኝ።

«ስሜነሽ፣ አልፈሻል» አለ። «ግን ይችን የአደባባይዋን ምን ነክቶሽ ሰረዝሻት? ትክክል ነበረች እኮ!»

ትክክል? አንዱን እውነት፣ አንዱን ውሸት። ተንኮለኛ ሲባል እንዲህ ነው፣ እያቀላቀለ።

ክንዴ ውጭ የእንጅባራ ብርድ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

«እህስ፣ እታለም?»

«አለፍሁ።»

«እሰይ! አላልሁሽም!» ዘለለ። ደስታው እውነት ይመስላል። መምሰሉን ነው የጠላሁት።

ከኋላ ገባሁ። «ክንዴ፣ ዳገት ላይ ቅድሚያ የማን ነው?»

«የሚወርደው ነዋ!» ሞተሩን አስነሳ። «እንዴ፣ እሱን ሳትሽው? ስንቴ ነግሬሽ!» ጭራሽ አዘነልኝ።

በመስተዋቱ ዓይኑን ፈለግሁ። ሲዋሽ ዓይኑን ይሰብራል፤ አውቀዋለሁ። አሁን ቀጥ አድርጎ ነው የሚያየኝ። ከልቡ ነው።

ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ልጆቼን በዚህ መልስ ነው የሚያመላልሳቸው።

ቁልቁለቱን ተያያዝነው። ከታች ጋሪ እየወጣ ነው፤ ሲሚንቶ ጭኗል፣ ፈረሱ አንገቱን ደፍቷል። መንገዱን የድንጋይ ክምር አጥብቦታል፤ ሁለት አያሳልፍም። ክንዴ ክላክሱን አንባረቀው። ፍጥነት አልቀነሰም።

ኮሌታውን ከኋላ ጨምድጄ ያዝሁ። «ቁም።»

«ምን ሆንሽ አንቺ? ቅድሚያ የኛ...»

«ቁም አልሁህ!»

ክምሩ ጋ ሳንደርስ ፍሬን ያዘ። ፈረሱ እያለከለከ በጎናችን አለፈ፣ ላቡ ሸተተኝ። ባለጋሪው አለንጋውን ወደ ክንዴ ከፍ አድርጎ አመሰገነው።

ክንዴም በክላክስ መለሰለት። «አየሽ?» አለኝ ደረቱን ነፍቶ። «እንጅባራ ላይ እኔን የማያከብር የለም።»

ኮሌታውን አልለቀቅሁም።