ወርቃማው ኮራል

ኮራል የሚባለው የባሕር ፍጡር እጅ ሲጠጋው ኩምትር ይላል። ባለቤቴ በየማለዳው እጁን ቤታችን ባለው የመስታወት ገንዳ፣ አኳሪየሙ ውስጥ ነክሮ መስታወቱን ሲወለውል፣ ኮራሎቹ ከግራ ጀምረው በየተራ ይኮማተሩ ነበር። ያ የሚሳሳለት ወርቃማው ብቻ ለእሱ አይዘጋም ነበር። እኔ እጄን ሳስጠጋማ ወዲያው ይዘጋል፤ ዓይኔን ማየት አይፈልግም!

እሱ ካረፈ ወዲህም መስታወቱ ያ አረንጓዴ አልጌ ይዞት አያውቅም። ዛሬ ቁርስ ላይ ልጄን፣ "አኳሪየሙን ስለምትወለውዪልኝ እጅሽ ይባረክ" አልኳት።

"እኔ? ኧረ እማዬ፣ አንቺ የምትወለውዪው መስሎኝ ነው እንጂ እኔማ ነክቼውም አላውቅ!"

ሁለታችንም ወደ አኳሪየሙ ዞርን። ክዳኑ እንደተዘጋ ነው። በግራ በኩል ያለው ኮራል ኩምትር አለ። ቀጥሎ አጠገቡ ያለው። ከዚያ ሦስተኛው።

ልጄ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

ተራው ወርቃማው ጋ ደረሰ። ወርቃማው አልተዘጋም።