አጋም ቀድሞ ጠጣ

«ማን ነው አጋምን ያስቀደመ?» የጋሽ ከማሉዲን ድምፅ ስልኩን ሊሰነጥቀው ደረሰ። «ዕጣው ዋርካ ነው ያለው! በሽማግሌ ፊት የወጣ ዕጣ ነው! ሰዉ አካፋውን ይዞ ተፋጧል፣ ማን ነው?»

ነሲባ ስልኩን ከጆሮዋ ራቅ አደረገች። ጋሽ ከማሉዲን የውሃ አባት ናቸው፤ ደጋው ላይ ሲዘንብ በወንዙ የሚወርደውን ጎርፍ ለሦስቱ ቦዮች፣ ለዋርካ፣ ለሾላና ለአጋም፣ በዕጣው ተራ የሚያድሉት እሳቸው ናቸው። ድሮ ጉብታ ላይ ወጥተው ይጮሁ ነበር። ዘንድሮ ግን ነሲባና ታሂር የሠሩላቸውን ዌብሳይት በስልካቸው ከፍተው አንዲት ቁልፍ ይጫናሉ፤ ለገበሬው ሁሉ ተራው በመልእክት ይደርሰዋል። «የመጣው መልእክት ሕግ ነው» ብለው ሽማግሌዎቹ ሰዉን አስምለውታል።

«ጋሽ ከማሉዲን፣ ትንሽ ይታገሱኝ፣ አሁን አየዋለሁ።»

«እኔስ ልታገስ፣ ውሃ ይታገሳል? ጎርፉ አፋር ሊገባ ነው እኮ!» ስልኩ ተዘጋ።

ቆቦ መናኸሪያ ፊት ለፊት ያለችው ጠባብ ቢሯቸው በሙቀት ታፍናለች። ታሂር ተነስቶ ከጀርባዋ ቆመ። ነሲባ ኮዱን ከፈተችና ገና ፎልደሮቹን ስታይ ነገሩ ገባት።

ትናንት ኮዱን ያጸዳችው ራሷ ናት። ፕሮጀክቱ የሠርግ ማግሥት ቤት መስሎ ተዝረክርኮ ነበር፤ እሷ ደግሞ ዝርክርክ ነገር ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። የገጹን ከገጹ፣ የመልእክቱን ከመልእክቱ ጋር አደረገች፤ የሚሠሩበት ፍሬምወርክ ይህ እዚህ፣ ያ እዚያ ይቀመጥ እንደሚለው ሁሉን በየቤቱ አስገባች። እያንዳንዱ ቦይ የራሱ ፎልደር አለው። ታሂር ስማቸውን በቁጥር ጀምሮት ነበር፦ አንድ ዋርካ፣ ሁለት ሾላ፣ ሦስት አጋም። «ቁጥር ስም ላይ ምን ይሠራል? ሲያዩት ያስጠላል» አለችና ቁጥሮቹን አነሳቻቸው። ፕሮግራሙ ተራውን የሚያወጣው ፎልደሮቹ በተሰለፉበት ቅደም ተከተል መሆኑን እሱም አልነገራት፣ እሷም አልጠየቀችው። ቁጥሩ ሲነሳ ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛው ፊደል ተራ ደረደራቸውና አጋም ከፊት ጉብ አለ፤ ዋርካ ከኋላ ቀረ።

ይህም ባልከፋ፣ አጋም የአባቷ ቦይ ባይሆን ኖሮ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች እጇን ራሷ ላይ ጭና። «ለአባቷ አደላች ነው የሚሉኝ። ማን ያምነኛል፣ ታሂር?»

«እኔ አምንሻለሁ።» ታሂር ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚኝማ፤ እንተወው። ሲስተሙ ተሳሳተ እንላለን፣ ውሸትም አይደል። አባትሽ አምናም ታች አምናም ባዶ እጃቸውን ነው የገቡት። ዛሬ ካልጠጣ ማሽላቸው አለቀለት። የዛሬው ጎርፍ ደግሞ ቀጭን ነው ብለዋል ጋሽ ከማሉዲን፤ ሦስተኛ ተራ አይደርስም። አላህ ራሱ ሰጥቷቸው ቢሆንስ?»

«የሰው ተራ ነጥቆ አላህ አይሰጥም።»

አለች እንጂ ሐሳቧ አባቷ ዘንድ ነበር። ከትናንት በስቲያ አባቷ የተጠቀለለውን የማሽላ ቅጠል እየዳሰሰ፣ «ይቺን አንዴ ብቻ ብታጠጣልኝ» እያለ አላህን ሲለማመን ሰምታዋለች። ላም እሳት ወለደች አሉ፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጇ ሆነባት።

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ከጋሽ ከማሉዲን ድምፅ ይልቅ ከኋላቸው ያለው ጫጫታ ይበልጥ ይሰማል፤ አንዱ ይሳደባል፣ ሌላው «ልቀቁኝ!» ይላል። «ዋርካዎች ዱላ ይዘው ደረሱ! ነሲባ፣ ደም ሊፈስ ነው!»

«ጋሽ ከማሉዲን፣ እንዳይዘጉት!»

ቁጥሮቹን ወደየስሞቹ መለሰች። አንድ ዋርካ። ሁለት ሾላ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። ታሂር አላቻኮላትም፣ አልከለከላትም፤ ትንፋሹን ብቻ ትሰማለች። ሦስት አጋም። ሰርቨሩ ላይ ጫነችው። ያች መከረኛ የመጫኛ ክብ ስክሪኑ ላይ ስትዞር፣ ስትዞር፣ ስትዞር ቆይታ አለቀች።

«አሁን ይጫኑት። ደግሞ ጮክ ብለው ለሰዉ ይንገሩልኝ፣ ጥፋቱ የነሲባ ነው ይበሉ። አባቴ አያውቅም።»

«እነግራለሁ፣ ልጄ» አሉና ዘጉት።

ታሂር ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ውጭ መናኸሪያው በር ላይ የሚኒባስ ረዳት «ሮቢት! ሮቢት! የሞላ!» እያለ ይጣራል።

ስልኩ ጠራ። አባቷ ነው።

«ነሲባዬ!» ስልክ ሲይዝ ሁልጊዜ እንደሚጮኸው ጮኸ። ከኋላው ውሃ ይንዶቀዶቃል። «ገባልን እኮ ልጄ! አልሐምዱሊላህ፣ የመጀመሪያውን መደብ አጥግቦ ሁለተኛው ላይ እየደረሰ ነው! አሁን ሌላ መልእክት መጣ፤ የሚያነብልኝ አጣሁ፣ ሰዉ ሁሉ እላይ ቦዩ አፍ ላይ ይጣላል። ምን ይላል? አንቺ ታውቂው የለ?»

ነሲባ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዝጋው ነው የሚለው፣ አባዬ።»

«ምኑን?»

«ውሃውን። ተራው የዋርካ ነው።»

ውሃው ይንዶቀዶቃል።

«ማን ነው የላከው?» አለ አባቷ፣ ሳይጮህ።

«እኔ ነኝ።»

ሌላ አልጠየቃትም። ስልኩንም አልዘጋው፤ ምናልባት ኪሱ ከቶታል። አካፋ ጭቃ ሲዝቅ ተሰማት፤ አንድ ጊዜ፣ ደግሞ አንድ ጊዜ፣ ደግሞም። የውሃው ድምፅ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄደ።